አሸዋው ላይ አቁመው ያልኩት ሰው

አንዳንድ ሰው ገጠመኙን ሲጽፍ «እኔ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንደዚያ ብዬ መዋሸት አልችልም። ብዙ አውቃለሁ። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ አንድ ቀን ሳልቀመጥ ፊደልን ከግድግዳ ማስታወቂያ ላይ ለቅሜያለሁ፤ መካኒክነትንም የወደቀ ማኪና እየፈታሁ ተምሬያለሁ። አዘዞ ላይ ጋራዥ ከፍቼ ሠላሳ ዓመት ስሠራ የሞተርን ሕመም ኮፈን ሳልከፍት በድምፁ ብቻ እናገር ነበር። ከጎንደር እስከ ደባርቅ «የዘለቀ ጆሮ ሐኪም ነው» ይባልልኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የሚከተለው ነገር የደረሰው በማያውቅ ሰው ላይ እንዳይመስላችሁ ነው።

ጠላት ነበረኝ። ጌታነህ ይባላል። ሥራ ፍለጋ ሲመጣ የብሎን መፍቻ አያያዝ እንኳ አያውቅም ነበር፤ አስተምሬ ሰው አደረግኩት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እኛ ጋራዥ ፍሬን የታደሰለት አንድ ሚኒባስ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተላተመ። የሞተ የለም፤ ሦስት ሰዎች ግን ተጎዱ። የፍሬኑን ሸራ የገጠመው ጌታነህ ነበር። ፖሊስ ሲጠይቀው ግን «አያ ዘለቀ ናቸው የገጠሙት» አለ። ስምንት ወር ታሰርኩ። ስፈታ ጋራዤ ተዘግቶ፣ ስሜ ተበላሽቶ፣ እሱ ደግሞ ፀዳ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ አገኘሁት።

ያን ዕለት ሁለት ነገር ማልኩ። አንደኛ፣ እስክሞት አንድ ቃል አላናግረውም። ሁለተኛ፣ ቀን ሲገኝ በዚያው በማኪና ነገር አዋርደዋለሁ። ቂም የሚረሳ ሰው አለ ይባላል። እኔ የእኔን ቂም እንደ ሞተር ዘይት በየጊዜው እየለወጥኩ ንጹሕ አድርጌ ነው የያዝኩት። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ አያ» ይለኛል፤ እኔ በአጠገቤ ነፋስ እንዳለፈ ቆጥሬ አልፈዋለሁ።

አምና በመጋቢት ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን ደወለች። «አባዬ፣ እናቴን ይዘህ ሁለት ቀን አረፍ በሉ። ከጎርጎራ ማዶ ያለች ትንሽ ደሴት ላይ ጎጆ ይዤላችኋለሁ» አለችኝ። ባለቤቴ ትርንጎ አስም አለባት፤ የሐይቅ አየር ይስማማታል ብለን ደስ አለን። ቅዳሜ ጠዋት በእኔው አሮጌ ማኪና ተነስተን በቆላ ድባ አድርገን ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ደረስን።

እዚህ ላይ የቦታውን አቀማመጥ ልንገራችሁ። ከመንደሩ የሚወርደው መንገድ አሸዋው ላይ ይደርስና በቋጥኝና በውኃ መካከል ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሄዳል። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ አንዲት ሾላ ሥር ያበቃል። በአሸዋው ላይ ከአንድ ማኪና በላይ ጎን ለጎን አያልፍም። የሾላዋም ጥላ የሚበቃው ለአንድ ማኪና ነው፤ እኔ ቀድሜ ያዝኳት። ዘግይቶ የመጣ ሰው ወደ መንደሩ ተመልሶ ነው የሚያቆመው። አሸዋውን የማያውቅ ሰው ጠዋት ሲያየው አስፋልት ይመስለዋል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነሳል። ማዕበሉ አሸዋውን መላስ ይጀምራል፣ ከሥር ያለው ጥቁር ጭቃ ይላላል፣ የቆመ ጎማ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ይህን ያወቅኩት በጋራዥ ዘመኔ እዚያ የሰመጡ ማኪናዎችን ለማውጣት ስጠራ ነው።

ትርንጎ ወርዳ «ቦርሳዬን ከኋላ ወንበር አውጣልኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እጄን ወደ በሩ ስዘረጋ ነጭ ፒካፕ አሸዋውን አቋርጦ ወደ ሾላዋ መጣና አጠገቤ ቆመ። መስተዋቱ ወረደ። ጌታነህ ነው። ብቻውን ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አያ» አለ። መልስ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ሊመለስ መሪውን ማዞር ጀመረ።

«እዚያ አሸዋው ላይ አቁመው» አልኩት። «ሸጋ ቦታ ነው።»

እጁ መሪው ላይ ቀረ። መጀመሪያ አሸዋውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«እዚያ?»

«እዚያ። አይቼዋለሁ፤ ድንጋይ ማለት ነው።»

«እሺ አያ» አለና በኋላ ማርሽ ወርዶ አቆመው። ጎማውን ቀጥ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ልክ እንዳስተማርኩት። እኔ ቆሜ አየሁ። ፒካፑ እዚያ ከቆመ የእኔም መውጫ ይዘጋል። ቢዘጋስ? ሁለት ሌሊት ደሴት ላይ ነኝ። እሱ ግን ማታ ወደ ጎንደር ሊመለስ ሲል ማኪናው እስከ ሆዱ ተቀብሮ ያገኘዋል፤ የሚጎትትለት በሬ እየለመነ፣ የመንደር ሰው እየሳቀበት። መካኒኩ ጌታነህ ማኪና የሚቆምበትን አያውቅም ተብሎ እስከ አዘዞ ይወራበታል።

ጀልባ የሚያሻግረን ይመር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሱም ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ገመዱን እየፈታ «አያ፣ ያ ሰውዬ እዚያ ነው እንዴ የሚያቆመው? ከሰዓት ይውጠዋል እኮ» አለኝ።

«ወዳጄ ነው። ነግሬዋለሁ፤ ያነሳዋል።»

«እንዳይረሳው።»

«እሱ አይረሳም» አልኩ። ጀልባው ውስጥ ገብቼም ዓይኔን ከፒካፑ ላይ አልነቀልኩም። የትርንጎ ቦርሳ ማኪናዬ ውስጥ ቀረ።

ደሴቲቱ በእግር ለመዞር ሩብ ሰዓት አትፈጅም። ሦስት ጎጆ አላት፤ የሁለቱ እንግዶች ገና አልመጡም። መንገድ የሚባል የላትም፤ ሰው ከዳር ዳር የሚሄደው ከደንገል ቄጠማ በታሰረ ታንኳ ነው። ይመር አንዲት ታንኳ ትቶልን ሲመለስ «ስትጨርሱ ከውኃ አውጥታችሁ ዛፍ ላይ አስደግፋችሁ አቁሟት» አለ።

«ማኪና ሳቆም የኖርኩ ሰው ታንኳ ማቆም ያቅተኛል?» አልኩት።

«ማኪና ውኃ አይጠጣም አያ» ብሎኝ ሄደ።

ትርንጎን ይዤ በታንኳዋ አንድ ዙር ዞርኩ። በሕይወቴ ቀዝፌ አላውቅም ነበር፤ ግን ማን ያስተምረኛል? ስንመለስ ታንኳዋን እዚያው ውኃው ላይ ከድንጋይ ጋር ጥብቅ አድርጌ አሰርኳት። ከዚያ ወደ ጎርጎራ ዳር በሚያሳየው በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነጩ ፒካፕ የክብሪት ቀፎ አክሎ ይታያል።

«ምን ያስቅሃል?» አለች ትርንጎ።

«አየሩ።»

«አየር እንዲህ አያስቅም። ጌታነህን አየሁት። አነጋገርከው አይደል?»

«አቁም አልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? የሚያቆምበትን ቦታ አሳየሁት።»

ፊቷ በራ። «ተመስገን» አለች። «ቃል ከወጣ ሌላው ይከተላል። ስመለስ እኔም አነጋግረዋለሁ።» ልታረቅ መስሏት ነበር። አላረምኳትም። ያ ደስታዋ ራሱ ለቂሜ ጥሩ መሸፈኛ ሆነልኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። ትርንጎ ጎጆው ውስጥ ጋደም አለች። እኔ ድንጋዬ ላይ ሆኜ ማዕበሉ ወደዚያ ዳር ሲገሰግስ አየሁ። ፒካፑ ቀስ በቀስ አጠረ። መጀመሪያ የኋላው ዝቅ አለ፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ዘመመ። ጉልበቴን በደስታ መታሁ። ስምንት ወር የተኛሁበት የእስር ቤት ወለል፣ አውልቄ የጣልኩት የጋራዤ ሰሌዳ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት የሚመለስልኝ መሰለኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር በዕድሜዬ ጥቂት ነው፤ አልደብቃችሁም።

ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ጎጆው ሰንብቶ ሳይከፈት ኖሮ የሣሩ አቧራ ትርንጎን አፍኗታል። በሩን ይዛ ቆማለች። ትከሻዋ ወደ ላይ ይሳባል፣ ድምፅ ግን የለም።

«ቦርሳዬ» አለች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በአፍ የሚሳበው መድኃኒቷ ቦርሳው ውስጥ ነው። ቦርሳው ማኪናዬ ውስጥ ነው። ማኪናዬ ማዶ ነው።

ወደ ታንኳዋ ሮጥኩ። ግማሽዋ ውኃ ውስጥ ነበር። ስስባት እንደ ረጠበ ጥጥ ከበደችኝ፤ ስወጣባት እስከ ጉልበቴ ይዛኝ ወረደች። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ አይንሳፈፍም። ታንኳ ዛፍ ላይ የሚደገፈው ለዚህ ነው። የይመር ንግግር የገባኝ ልብሴ ሁሉ ከራሰ በኋላ ነው።

ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ለይመር ደወልኩ።

«ማዕበሉ ከፍቷል፤ ግን እመጣለሁ» አለ።

«መጀመሪያ ከማኪናዬ ቦርሳ አውጣ። ቁልፉ እኔ ጋር ነው። መስተዋቱን ስበረው።»

ከይመር ጀርባ ሌላ ድምፅ መጣ። «አይስበሩ። እኔ እከፍተዋለሁ።» የማን ድምፅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የተቆለፈ በር በሽቦ መክፈት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ትርንጎን ደጅ አስቀምጬ ጀርባዋን ደገፍኩ። ከንፈሯ ሰማያዊ እየሆነ ነበር። እኔ የሞተር ሐኪም የምባለው ሰው፣ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እየሰማሁ የማደርገው አንድ ነገር አልነበረኝም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ጀልባው መጣ። ጌታነህ እስከ ደረቱ በስብሶ ቦርሳውን በጃኬቱ ጠቅልሎ ዘለለ። ፊት ለፊቷ ተንበረከከና መድኃኒቱን አፏ ላይ አደረገላት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ቀስ ብለው ይሳቡት። እንደገና።»

ሁለት ጊዜ ሳበች። በሦስተኛው ዕቃው ባዶ ሆነ። ትንሽ ትንፋሽ አገኘች፤ ግን እንደማይበቃት ሁላችንም አየን። ተሸክመን ጀልባው ውስጥ አስገባናት።

ዳር ስንደርስ የሠራሁት ሥራ ሙሉ መልኩን አሳየኝ። የጌታነህ ፒካፕ የኋላ እግሮቹ ተውጠዋል። የእኔ ማኪና ደግሞ ከኋላው ሾላዋ ሥር፣ ደርቃ፣ ጥላ ውስጥ፣ መውጫ አጥታ ቆማለች።

«ከመንደሩ ማኪና ጥራ» አልኩት ይመርን።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው አያ። ያሉት ሁለቱም ገበያ ሄደዋል።»

ጌታነህ ማኪና ማንሻውን ክሪክ አወረደ። እኔ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቼ ከሥሩ አነጠፍኩ። ይመር ሾላዋ ላይ ተደግፋ የምትደርቅ የራሱን ታንኳ አየና «ይህችን ውሰዱ፤ ሌላ አስራለሁ» አለ። ማሰሪያዋን በቢላዋ ቆርጠን ደንገሉን እያቀፍን ጎማው ሥር ጎሰጎስነው። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ግን እሱ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ የሚፈልገውን መፍቻ ሳይጠይቀኝ አቀብለዋለሁ፤ እኔ ቀና ስል እሱ ክሪኩን ይዞልኛል። አፋችን አሥራ አንድ ዓመት ዘግቶ እጃችን አልተኳረፈም ነበር። ፒካፑ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ደንገሉን ረገጠና ወጣ።

ትርንጎን ከኋላ ወንበር ደግፈን አስቀመጥናት። እኔ ከፊት፣ ከጠላቴ ጎን ተቀመጥኩ። ወደ ቆላ ድባ ሐኪም ቤት በረርን።

ከመንደሩ ከወጣን በኋላ «ያ አሸዋ ከሰዓት ምን እንደሚሆን አታውቅም ነበር?» አልኩት።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓሣ ልበላ እዚህ እመጣለሁ።»

«ታዲያ ምነው አቆምከው?»

«አቁም አሉኝ።»

«የማይረባ ነገር አትናገር።»

«ይኸው ነው አያ። ስንት ዓመት ዝም ብለውኝ አንድ ቀን ሲያናግሩኝ ክፉ ነገር እንዳሰቡልኝ ገባኝ። ያድርጉብኝና ይውጣልዎ አልኩ። እዚያው ዳር ተቀምጬ ሲሰምጥ አየሁት።»

ደሜ ፈላ። ከሱ ነጥቄ የወሰድኩት የመሰለኝን በቀል እሱ ራሱ እንደ ምጽዋት ጥሎልኝ ኖሯል።

«ምጽዋት አልለመንኩህም» አልኩት። «ፖሊስ ፊት የዋሸኸው በአንድ ፒካፕ አይካካስም።»

«አይካካስም። ፈርቼ ዋሸሁ። ግን አያ፣ ያን ዕለት 'አንድ ጊዜ ይዩልኝ' ብዬዎት ነበር። ረስተውት ነው?»

አልረሳሁትም። አሁን ለእናንተ የምጽፈውን ለፖሊስ አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኩት የጌታነህን ኃጢአት ብቻ ነበር። ያን ቀን ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመው ነበር። ጌታነህ ጎማውን ሳይመልስ ጠራኝ። እኔም ሰው እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዘለቀ ያስተማረው ሰው የገጠመውን ዘለቀ ጎንበስ ብሎ አያይም። ጆሮዬ ይበቃኛል» አልኩ። ሹፌሩ እስከ በሩ ነድቶ ፍሬን ያዘ። ሰማሁ። «ሸጋ ነው፣ ይሂድ» አልኩ። ፍሬኑን የገጠመው እሱ ነው። ሳላይ የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ።

«አልረሳሁትም» አልኩት። ከኋላ የትርንጎ ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማል። ሁሉንም ሰምታለች።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉላት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፊቷ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። «ሁለታችሁም ግቡ» ብላ አስጠራችን። ጭምብሉን ከአፏ አወረደች።

«የአሸዋውንም የፍሬኑንም ሰምቻለሁ» አለች። «እሱ የናንተ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ተባሉበት። የእኔ ሌላ ነው። ጌታነህ፣ እናትህ ስትሞት አልመጣሁም።»

ጌታነህ አንገቱን ደፋ። እናቱ ወይዘሮ የሺ ከትርንጎ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ማኅበር የጠጡ ናቸው። ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት ሲያርፉ ትርንጎን «ለቅሶ የሄድሽ እንደሆነ ወደዚህ ቤት አትመለሺ» ያልኳት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ደም የተቃባ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። እሷ ጎረቤት እንዳይሰማ ጓዳ ውስጥ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። እኔ ደጅ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ ሰምቼም ሬዲዮ ከፈትኩ።

«ስወጣ ቤቴ አልሄድም» አለች። «መጀመሪያ የሺ ቤት ነው።»

ሰኞ ወጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ፀዳ ከጌታነህ አጥር እንደደረሰች «የሺ፣ የሺ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤት ወጣ። አንዲት ሴት «ማን ሞተ?» አለች።

«የሺ» አለቻት ትርንጎ።

«የሺ ከሞተች ስድስት ዓመቷ አይደለም እንዴ?»

«ለእኛ ዛሬ ነው» አለች።

ሰው ተሰበሰበ። ወንበር ወጣ። ጌታነህ እንደ አዲስ ኀዘንተኛ በር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም ከኋላዋ መጥቼ ነበርና ጠጋ ብዬ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አልኩት። እሱም ተነሳና በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት «የሚኒባሱን ፍሬን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ፊት በአያ ዘለቀ ላይ ዋሽቻለሁ» አለ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኳት ደቂቃ ይህች ነበረች። ዝም ብል ድሉ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እኔ በርኅራኄ ዞሯል። ትርንጎ ግን ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝ፤ ታውቃለችና። «እኔም እይልኝ ተብዬ አላየሁም» አልኩ። ከዚያች ቃል የከበደ ማኪና አንስቼ አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቂማችሁን ጣሉ ብዬ አልሰብካችሁም። እኔም ጌታነህን ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽም፤ እሱም አላለኝም። ሰላም እንባባላለን፣ ይበቃናል። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ፤ ያስተማረኝም የለም፣ እንደ ልማዴ ራሴው ነኝ። ቂም ካላችሁ ራሳችሁ ተሸከሙት። እኔ የእኔን ግማሹን ሚስቴ ላይ ጭኜ ስድስት ዓመት ስትሸከምልኝ ቆይታ፣ ልበ ጽኑ ሰው ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

ቂም መያዝ የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝም ነበር። ትርንጎ ለየሺ አርባ ቀን ኀዘን ተቀመጠች። አርባውን ቀን ሙሉ ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ በአጠገቧ ሳልፍ ግን ነፋስ እንዳለፈ ትቆጥረኛለች። ለመንኳት፣ ቀለድኩ፣ ተቆጣሁ፤ ምንም። በአርባ አንደኛው ቀን ምሳ ላይ ወጡን ቀመሰችና ወደ እኔ ሳትዞር «ጨው አቀብለኝ» አለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ተነስቼ አላውቅም።